ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ቱታውን፣ ድስቱንና ኩሉን ፈትሹ

«ይሄ ልጅ አንድ ቦታ አይረጋም።» «ቶሎ ይናደዳል፣ ይማታል።» «ትናንት ያስተማርኩትን ዛሬ ብጠይቀው የለም።» ከመምህር እንዲህ ያለ ወሬ የደረሰው ወላጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። ይቆጣል። ቀጥሎ ያወዳድራል፤ «የእነ እንትና ልጅ እንዴት ጎበዝ ነው!» ይላል። ካልሆነም ጠበል ይወስደዋል። ጠበሉን አልቃወምም፣ ውሰዱት። ግን መንገድ ላይ ሳላችሁ አንድ ጥያቄ አስቡልኝ፦ ቤታችን ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም ማንጋኒዝ የሚነካ ሰው አለ?

ሦስቱም አንጎል ውስጥ ገብተው ጠባይን የሚያዛቡ ብረቶች ናቸው። እርሳስ ስል ሊድ የሚባለውን ብረት ነው፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን። ደብተር ላይ የምንጽፍበት ውስጡ ግራፋይት ስለሆነ ልጁ ቢያኝከውም በእሱ አትጨነቁ።

ወደ ገደለው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የልጅ ረብሻ ሁሉ ከብረት አይመጣም፤ አብዛኛው አይመጣም። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ቁርስ ያልበላ ልጅ ትምህርት አይገባውም፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ «እልኸኛ» የሚል ስም ይወጣለታል፣ በእነዚህ ዓመታት እኛ አካባቢ የተኩስ ድምፅ እየሰማ ያደገ ልጅ ደግሞ ቢደነብር ምን ይገርማል? ብረቱን የማነሣው ማንም ስለማይጠይቅበት ነው። አይሸትም፣ አያሳክክም፣ አያስልም። ካልፈለጉት አይገኝም።

አንጎል ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል ነው። አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ይቀበላል። ኬሚካሉ መቼ ይለቀቅ የሚለውን የሚያዘው ካልሲየም ነው። እርሳስ ደግሞ ለሰውነታችን ካልሲየምን ይመስላል። በካልሲየም በር ይገባል፣ የካልሲየምን ቦታ ይይዛል፣ ሥራውን ግን አይሠራም። በዚህ የተነሣ ሴሎቹ ዝም ማለት ባለባቸው ሰዓት ያንሾካሹካሉ፣ መናገር ባለባቸው ሰዓት ደግሞ ድምፃቸው ይጠፋል።

ለመማርና ለማስታወስ የሚያገለግለው ዋናው መልእክተኛ ግሉታሜት ይባላል። እርሳስ ኤንኤምዲኤ የሚባለውን የግሉታሜት ተቀባይ ይዘጋል። ልጁ «ትናንት የተማርኩት ጠፋኝ» ሲል ሰነፍ ሆኖ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ዶፓሚንም ይረበሻል። ዶፓሚን ትኩረትን ይይዛል፣ ከግንባራችን ጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል ደግሞ «ቆይ፣ ላስብበት» የምንልበትን አቅም ያግዛል። እሱ ሲዛባ እጅ ከሐሳብ ይቀድማል። ልጁ መትቶ ነው የሚያስበው።

ይሄ ግምት አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኸርበርት ኒድልማን የሚባል ሐኪም የልጆችን የወለቁ የወተት ጥርሶች ሰብስቦ (እኛ ጣሪያ ላይ የምንወረውራቸውን ማለት ነው) ውስጣቸው ያለውን እርሳስ ለካ። ልጆቹ ሲታዩ ምንም የማይመስሉ፣ ጤነኛ ልጆች ነበሩ። ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ግን በአእምሮ ፈተናው ዝቅ አሉ፤ መምህሮቻቸውም የማን ጥርስ ምን እንደያዘ ሳያውቁ እነዚያኑ ልጆች «ሐሳቡ ይበተናል፣ ችኩል ነው፣ ቶሎ ይበሳጫል» ብለው መጠይቅ ላይ ሞልተውባቸው ተገኙ። ከመግቢያው ካለው የመምህር ወሬ ጋር አስተያዩት።

ትልቅ ሰው በአፉ ከገባው እርሳስ ወደ 10 በመቶ ገደማ ነው ወደ ደሙ የሚያስገባው። ትንሽ ልጅ እስከ 50 በመቶ ሊያስገባ ይችላል። በዚያ ላይ መሬት ላይ ነው የሚውለው፣ እጁ ደግሞ ከአፉ አይለይም። ሆዱ ባዶ ከሆነና የብረት ማዕድን ወይም ካልሲየም ካነሰው የበለጠ ወደ ደሙ ይገባል። ሰውነት እርሳስን አጥንት ውስጥ ያከማቻል፣ እዚያም አሥርና ሃያ ዓመት ይቀመጣል። ሴትዮዋ በልጅነቷ ያጠራቀመችው በእርግዝናዋ ጊዜ ከአጥንቷ ወጥቶ በእትብቱ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት «ይሄን ያህል ምንም አይልም» የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም የሚለው በምክንያት ነው።

ድሮ ዋናው ምንጭ ቤንዚን ነበር። አሁን እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በዓለም ላይ የለም፤ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. አቁማለች። ስለዚህ የባጃጁ ጭስ ሌላ ጣጣ ቢኖረውም በእርሳስ አትክሰሱት። አሁን የምንፈልገው ቤት ውስጥ ነው።

ፍተሻውን ከሥራ ልብስ ጀምሩ

ይሄኛው ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም እንደ ባህር ዳር ባለ ጋራዥ፣ ባትሪ ቤትና ብየዳ ቤት በየመንገዱ ባለበት ከተማ ብዙ የሚሠራው እዚህ ጋር ነው።

አንድ ምሽት አስቡ። አባት ባትሪ ቤት ውሎ መጣ። ቱታውን አላወለቀም። የሁለት ዓመቷ ልጅ በሩ ሲንኳኳ «አባዬ!» ብላ ሮጣ ደረቱ ላይ ተለጠፈች። ጉንጯን ቱታው ላይ አሸችው። ከዚያ በእጇ የቱታውን ኪስ በረበረች፣ ከረሜላ አገኘች፣ ላጠች፣ በላች። ያቺ ከረሜላ ላይ ያለው ግራጫ ብናኝ አይታይም። የቱታውን የእግር እጥፋት ገልብጣችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ብታራግፉት ግን ታዩታላችሁ። አመድ ይመስላል።

የመኪና ባትሪ ሲሰበር የሚወጣው ጭቃ እርሳስ ነው። ፕሌቱን አውጥቶ ማቅለጥ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፣ ጢሱ ወርዶ ግቢው አፈር ላይ ያርፋል። ሴኔጋል ውስጥ ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር ሰዎች ያረጁ ባትሪዎች የተጣሉበትን አፈር እየቆፈሩና እየነፉ እርሳሱን ይለቅሙ ነበር፤ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። ወላጆቹ መርዝ እያስገቡ መሆኑን ማን ነገራቸው? እንጀራ ፍለጋ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ቱታው ቤት አይገባ። ሥራ ቦታ ማውለቂያና መታጠቢያ ካለ እዚያው ይቅር፣ ከሌለ በረንዳው ላይ ክዳን ያለው ባልዲ ይቀመጥ። ጫማውም እዚያው። ሰውየው እጁንና ፊቱን በሳሙና ታጥቦ፣ ቢችል ገላውን ታጥቦ፣ ከዚያ ነው ልጁን የሚያቅፈው። ቱታው ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ፣ አጣቢዋም ሳታራግፍ ታርጥበው። «ውይ፣ ደክሞኝ መጥቼ ደግሞ በር ላይ ልታስቆሚኝ?» የሚል ባል አይጠፋም። እንዲህ በሉት፦ «አንተን አይደለም ያስቆምኩት፣ ቱታህን ነው።»

ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ባትሪ ካለ፣ የመኪናም የባጃጅም የሶላርም ይሁን፣ ሳትሰብሩና አሲዱን ሳትደፉ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡና እንዳለ ለሚረከብ ስጡ። ቁራሌው ሲጮህ ልጅ ልካችሁ በእጁ አሸክማችሁ አታስወጡ። ግቢ ውስጥ ባትሪ ተሰብሮ የሚያውቅ ከሆነ ያ ቦታ ለጎመን መደብ አይሆንም፣ ለልጅ መጫወቻም አይሆንም። በሲሚንቶ ሸፍኑት ወይም ንጹሕ አፈር በደንብ ደልድሉበት።

ጣና ሐይቅ ዳር ላላችሁ ደግሞ፣ መረብ ላይ ማዘቅዘቂያ የምታደርጉት እርሳስ ከሆነ በጥርስ ነክሶ ማጥበቅ ይቅር። ምድጃ ላይ ማቅለጡማ ከነጭራሹ ይቅር፣ በተለይ ወጥ በሚሠራበት ምድጃ።

ብየዳ ቤት የሚሠራ ሰው ካላችሁ ጉዳዩ ማንጋኒዝ ነው። ማንጋኒዝ ሰውነት የሚፈልገው ማዕድን ነው፣ ግን ከብየዳ ጢስ ጋር በሳንባ ሲገባና ሲበዛ እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ውስጥ ይከማቻል፣ የዶፓሚኑን መስመርም ያዛባዋል። መጀመሪያ የሚታየው ጠባይ ነው፦ ያለ ምክንያት መናደድ፣ ሆድ መባስ፣ አንዳንዴ ሳያስቅ መሳቅ። ቆይቶ ደግሞ ፊት እንደ ጭንብል ይደርቃል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ፓርኪንሰን የሚባለውን በሽታ ይመስላል። ዓይን ላይ የሚደረገው ጥቁር መነጽር ለብርሃኑ ነው እንጂ ለጢሱ ምንም አያደርግም። ውጭ ወይም ክፍት ቦታ ላይ በይዱ፣ ጢሱ ፊታችሁን ሳይነካ በጎን እንዲሄድ ሆናችሁ ቁሙ፣ አንገታችሁን ጢሱ ውስጥ አትድፉ።

ግድግዳው፣ ዓይኑ፣ ጓዳው

የዘይት ቀለም ላይ ችግሩ ያለው ደማቆቹ ጋ ነው፦ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) ብቻ ነው። ጥሩ ደንብ ነው። ግን በራችሁና መስኮታችሁ የተቀባው ከዚያ በፊት ከሆነ ደንቡ ወደ ኋላ ተመልሶ አይልጥላችሁም። ቀለሙ ካልተሰነጠቀና ካልተላጠ አትንኩት። ከተላጠ በደረቁ አትፈግፍጉ፣ በእሳት አታቃጥሉ፤ አርጥባችሁ ላጡት፣ ልጆችና ነፍሰ ጡር በዚያ ቀን ሌላ ቤት ይዋሉ፣ ቅርፍቱን በላስቲክ ቋጥራችሁ አስወግዱ። የመስኮቱን ደፍ አደራ። ልጅ ቆሞ መንገድ የሚያይበት፣ ከንፈሩን የሚያሳርፍበት ቦታ እሱ ነው።

ኩል። እዚህ ላይ እናቶች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ኩል በተለያዩ አገሮች ሲመረመር ብዙ ጊዜ የእርሳስ ሰልፋይድ ይገኝበታል፣ አንዳንዱማ ግማሽ ያህሉ እርሳስ ነው። የትኛው ኩል ንጹሕ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ለእናንተ ሠርግ ላይ መኳል የራሳችሁ ውሳኔ ነው፤ አራስ ልጅ ዓይን ላይ ግን አይደረግ። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ይጠባል፣ አለቀ። «እኛም ተኩለን ነው ያደግነው» ለሚሉት እማማ ክብር ይስጥልኝ ብላችሁ ዝም በሉ፣ ግን አትኳሉት።

ድስት ላይ ስንመጣ፣ ከቁርጥራጭ ተቀልጦ የሚሠራው ወፍራም የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ምን እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ የሞተር እቃም፣ የራዲያተር ቁራጭም አብሮ ሊቀልጥ ይችላል። ካሜሩን ውስጥ እንዲህ ያሉ ድስቶች ተመርምረው እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ ታይቷል። ኮምጣጣ ነገር ደግሞ ይብስበታል። ድስቱ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ውሃ አፍሉበት፣ ባቄላ ቀቅሉበት። የቲማቲም ወጥ፣ ሎሚ የገባበት ነገር፣ እርጎ፣ የቦካ ሊጥ አታሳድሩበት። በብረት ሽቦ እየፈገፈጋችሁ አታንጸባርቁት። የማይዝግ ብረት ድስት ውድ ቢሆንም ቢያንስ የሕፃኑ ገንፎ የሚሠራበት አንድ ትንሽ ይኑራችሁ። ቀለም ያልተቀባው የሸክላ ድስታችን እኮ እዚህ ላይ ያሸንፋል።

እርድ ስትገዙ ብልህ ሁኑ። ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች የእርዱ ሥር ደምቆ እንዲታይ ሊድ ክሮሜት በሚባል ቢጫ ቀለም ያሹት ነበር፤ ነገሩ በ2019 እ.ኤ.አ. ተጋልጦ መንግሥት ጠበቅ ሲል በሁለት ዓመት ውስጥ ከገበያው ጠፋ። ልብ በሉ፣ የተቀባው ዱቄቱ ሳይሆን ሥሩ ነበር። ስለዚህ «ሙሉውን ገዝቼ አስፈጫለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ አንዱን ሥር አንሡና በጥፍራችሁ ፋቁት። ላዩ ከውስጡ በልጦ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ጣታችሁ ላይም ቢጫ ብናኝ ጥሎ ከሄደ «እትዬ፣ ይቅርብኝ» ብላችሁ እለፉ። ውስጡ ነው መድመቅ ያለበት። ቤት ስትደርሱም አጥባችሁ አድርቁና አስፈጩ። በርበሬም ቢሆን ዛላውን ገዝታችሁ፣ ቀንጥሳችሁ፣ አስፈጭታችሁ ብትበሉ ነው ሰላሙ።

አረቄ የምታወጡ ሰዎች፣ መቼም አትጠፉም፣ ማሰሮና ሸንበቆ ባላችሁበት ቆዩ። የመኪና ራዲያተርና በእርሳስ የተበየደ ቱቦ ውስጥ ያለፈ አረቄ አሜሪካ ውስጥ ስንቱን ጠጪ በእርሳስ መርዟል።

የቧንቧ ውሃን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አያወጣም። ውሃው ተንኖ ሲያንስ እንዲያውም ይበዛል። ጠዋት ለመጠጥ ከመቅዳታችሁ በፊት ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ትንሽ አፍስሱት፣ ለጫማ እጠቡበት።

ሜርኩሪና የጣና ዓሣ

ሜርኩሪ ሁለት መልክ ይዞ ነው የሚመጣብን። አንደኛው የፊት ቅባት ነው። ፊት የሚያቀሉ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ የሜርኩሪ ጨው አለ። በቆዳ ይገባል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ጠባይም ይለውጣል፦ እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ በትልቁ መናደድ፣ ከሰው መሸሽ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ። እናት ፊቷን ቀብታ ሕፃኑን ስትስመው፣ በአንድ ፎጣ ሲጠራረጉ ለልጁም ይደርሰዋል። በዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያሉ መዋቢያዎች የተከለከሉ ናቸው፣ ሱቅ ውስጥ ግን አይጠፉም። እንዴት ትለዩታላችሁ? አምራቹ ያልተጻፈበትን፣ የውስጡ ዝርዝር የሌለውን አትግዙ። ዝርዝሩ ላይ «ሜርኩሪ» ወይም «ካሎሜል» የሚል ካለ መልሱት። «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት ደግሞ ያ ራሱ ምስክር ነው፣ ወርቅ የሚያበላሸው ሜርኩሪ ነውና።

ሁለተኛው ዓሣ ነው። እዚህ ጋር ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ፣ «ዓሣ አትብሉ ብሏል» ብላችሁ እንዳታወሩብኝ። ዓሣ ለልጅ አንጎል ከሚጠቅሙ ምግቦች አንዱ ነው። ጥያቄው የትኛው ዓሣ ነው የሚለው ነው።

ውሃ ውስጥ የገባ ሜርኩሪን ጭቃው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል መልክ ይለውጡታል። እሱን አልጌው ይይዘዋል፣ አልጌውን ትንንሾቹ ይበላሉ፣ ትንንሾቹን ትልቁ ዓሣ ይበላል፣ እንደ መሰላል በየደረጃው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ ፋብሪካ ቆሻሻውን ወደ ባሕሩ ሲለቅ ኖሮ በ1956 እ.ኤ.አ. ነገሩ ሲታወቅ ዓሣ የበሉ ሰዎች መራመድና መናገር አቅቷቸው ነበር፣ ምንም ያልታመሙ የሚመስሉ እናቶች ደግሞ አንጎላቸው የተጎዳ ልጆች ወለዱ። ጣና ሚናማታ አይደለም። የመሰላሉ ሕግ ግን አንድ ነው።

ቆሮሶ (ቲላፒያ) በዋናነት አልጌና ዕፅዋት ስለሚበላ ከመሰላሉ ታች ነው። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፣ ዓሣም ጨምሮ። ላቤኦባርበስ ከሚባሉት፣ ብዙዎቹ ከጣና ሌላ የትም ከማይገኙት ዓሦች መካከል ደግሞ ዓሣ እየበሉ የሚያድጉ አሉ። እነዚህ ትልልቅ ሲሆኑ ሜርኩሪያቸውም ከፍ ይላል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባና ለትንንሽ ልጆች ቆሮሶ ይመረጥ፣ መካከለኛ መጠን ያለው። ዱለትም አድርጉት፣ ጥብስም፣ ጉላሽም። ሜርኩሪው ሥጋው ውስጥ ከፕሮቲኑ ጋር ስለሚጣበቅ መጥበስም ሆነ ሎሚ መጭመቅ አያወጣውም፤ ምርጫው የሚደረገው ከሻጩ ፊት ነው እንጂ መጥበሻው ላይ አይደለም።

እግረ መንገዴን ስለ እምቦጭ። ይሄ አረም በሥሩ ከባድ ብረቶችን ከውሃ የመምጠጥ ችሎታ አለው። ከከተማው ፍሳሽ መግቢያ አጠገብ የነቀላችሁትን ለጎመን ማዳበሪያና ለላም መኖ ከመጠቀማችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ።

ሜርኩሪ ያለበት ቴርሞሜትር ቤት ውስጥ ከተሰበረ አትጥረጉት፣ ትበትኑታላችሁ። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን አስወጡ፣ ጠብታዎቹን በካርቶን ገፍታችሁ ክዳን ባለው ጠርሙስ ሰብስቡ፣ የቀሩትን በፕላስተር አንሡ። ጠብታው ያምራል፣ ልጅ መጫወት ይወዳል፣ አይሆንም።

ምንጩ ከታወቀ በኋላ

ቤት በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ። አቧራው ይነሣል፣ ተመልሶ ሰሃን ላይ ያርፋል። ውሃና ኦሞ ባለው ጨርቅ ወልውሉ፣ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብ ባህላችን ነው፣ ልጆችም ላይ ይጥበቅ፣ በሳሙና። ጡጦና መጫወቻም ይታጠብ። አፈር የሚበላ ልጅ ካለ አትምቱት፤ አፈር መብላት ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር ይሄዳል፣ አሳዩት።

ምግብ ላይ ማወቅ ያለባችሁ፣ የብረት ማዕድንና ካልሲየም በበቂ ያገኘ ሰውነት እርሳስን ያን ያህል አያስገባም። ጤፍ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋ ሲገኝ፤ ወተት፣ አይብ፣ ሰሊጥ። ብርቱካን ወይም ሎሚ አብሮ ሲኖር የብረት ማዕድኑ በደንብ ይመጠጣል። ሻይ ከምግብ ጋር ለልጅ አትስጡ፣ የብረት ማዕድኑን ይይዝበታል። ሆዱ ባዶ ሆኖ እንዳይውልም ጠዋት ጠዋት ትንሽም ቢሆን ይቅመስ።

«ዲቶክስ» እየተባለ የሚሸጠውን ሻይና ዱቄት ተዉት። ራሱ በእነዚህ መርዛማ ብረቶች የተበከለ ሊሆን ይችላል። እርሳስን ከደም የሚያወጣ መድኃኒት አለ፣ ግን በሐኪም የሚሰጥ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው የደም ውጤቱ 45 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ከደረሰ ነው። ምንጩ ሳይቆረጥ መድኃኒት መውሰድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ «ልጁ ያስቸግራል» ብቻ ብትሉ ሰውየው ምን ያድርግ? እንዲህ በሉ፦ «ዶክተር፣ አባቱ ባትሪ ቤት ነው የሚሠራው፣ ልጁ ካለፈው ዓመት ወዲህ ትኩረቱ ቀንሷል፣ ሆዱን እየቆረጠው ይደርቅበታል። በደሙ ያለውን የእርሳስ መጠን ማወቅ እንፈልጋለን፤ የደም ማነስም ይታይልን።» የሥራውን ዓይነት፣ መቼ እንደጀመረ፣ ቤት ውስጥ ምን እንዳገኛችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ምርመራው በየክሊኒኩ የሚሠራ አይደለም፤ ባህር ዳር ካላችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዳችሁ እዚያው ይሠራ እንደሆነ፣ ካልሆነም ናሙናው የት ሊላክ እንደሚችል ጠይቁ። ደሙ ከደም ሥር ቢቀዳ ይመረጣል፣ ከጣት ጫፍ ከተቀዳ እጅ ላይ ያለው ብናኝ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። የጆሮና የዓይን ምርመራም አብሮ ይደረግ፣ ችግሩ እዚያ ቢገኝ ደስ ይበላችሁ፣ መፍትሔው ይቀላል።

ልጁ በተደጋጋሚ ካስመለሰው፣ ከደነዘዘ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ይሄን ጽሑፍ ጥላችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ያ ነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ውጤቱ 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ መፈለግና መቆረጥ አለበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የሚለው ይሄንኑ ነው። ያው ቤት ውስጥ ያሉት ወንድምና እህትም ይመርመሩ፣ ነፍሰ ጡር ካለችም እሷ። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ምንጩ ከተቆረጠ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ከሆነ ግን አጥንቱ እየለቀቀ ስለሚያስቸግር ይቆያል። ስለዚህ ሐኪሙ በሚሰጣችሁ ቀጠሮ ተመልሳችሁ አስለኩ። ቁጥሩ ካልወረደ ያልተገኘ ሌላ ምንጭ አለ ማለት ነው፣ ከቱታው ጀምራችሁ እንደገና ዙሩ። መምህሩንም አነጋግሩት፤ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠው፣ ትእዛዝ አንድ በአንድ ይስጠው፣ በዱላ አይሞክረው። የውጤቱን ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ላስቲክ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ የሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የፊተኛውን ቁጥር ነው።